ተነሺ፣ ይበርድሻል

ነገሩ የሆነው በነሐሴ ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ የመስቀል አደባባይ ደረጃ ውሃ አቁሯል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። ከፊት ለፊቴ ቀይ ሹራብ የለበሰች ቀጭን ልጅ እየፈጠነች መጣች። ጥጉ ጋ ደርሳ ልትዞር ስትል እግሯ አዳለጣትና ወደቀች። ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ ቁጭ አለች።

አለፍኳት።

አላየኋትም እንዳልል አይቻታለሁ። ቱታዋ ጉልበቷ ላይ መቀደዱን ሳይቀር አይቻለሁ። ሰዓቴን ሳይ ያ ዙር ካለፈው በ6 ሴኮንድ ፈጥኗል። ከቆምኩ ተበላሸ። «ሰው ያነሳታል» አልኩ በልቤ። ጫፍ ደርሼ ስመለስ እዚያው ናት። ቀና ብላ አየችኝ። አሁንም አለፍኳት። በሚቀጥለው ዙር ስደርስ አንድ አባት ጎንበስ ብለው ጉልበቷን እያዩላት ነበር። እፎይ አልኩ። ሰው አገኘች ብዬ ሩጫዬን ጨረስኩ።

ቤት ገብቼ ልብስ ስቀይር፣ ቢሮ ሄጄ ሒሳብ ሳመሳክር፣ ማታ ጋደም ስል ያ ቀና ያለ ፊት ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ማንም አልወቀሰኝም። ልጅቷም ብዙ አልተጎዳችም፤ ከሁለት ቀን በኋላ ስትሮጥ አይቻታለሁ። ግን ለሳምንታት ውስጤን ሲከነክነኝ ቆየ።

ሰዓት የያዘ ሰው

መሮጥ የጀመርኩት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ደም ግፊቴ ከፍ ብሎ ተገኘ። ዕድሜዬ አርባን አልፏል፣ ሥራዬ ወንበር ላይ ነው። ሐኪሙ «ተንቀሳቀሺ» አለኝ። ቤቴ ኡራኤል አካባቢ ስለሆነ መስቀል አደባባይ በእግሬ እደርሳለሁ። ደረጃው ደግሞ አያስከፍልም።

እዚያ የሮጠ ሰው ያውቀዋል። ከታችኛው እርከን ይጀመራል። ከጫፍ ጫፍ ይሮጥና አንድ እርከን ይወጣል፣ ተመልሶ ይሮጣል፣ እንዲህ እየተባለ እስከ አናቱ። በ2013 ዓ.ም. አደባባዩ ከታደሰ ወዲህ ከሥሩ መኪና ይቆማል፣ መብራቱም ደምቋል። ሯጩ ግን ያው ነው። አንዱ ለክለብ ማጣሪያ ይዘጋጃል። አንዷ ከወለደች ወዲህ የመጣባትን ሆድ ልታጠፋ ትታገላለች። ከእስጢፋኖስ በኩል ቅዳሴው ይሰማል። ሰው ሁሉ በየራሱ ጉዳይ ይተነፍሳል።

የእኔ ጉዳይ ታላቁ ሩጫ ነበር። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በሚካሄደው በዚያ ሩጫ ስንቱ እየዘፈነና እየጨፈረ 10 ኪሎ ሜትሩን ይጨርሳል። እኔ ግን ከ1 ሰዓት ከ5 ደቂቃ በታች ብዬ ለራሴ ቁጥር ሰጠሁ። ቁጥር እንጀራዬ ነው። ቁጥሩ ጠቅሞኛልም፣ አልክድም፤ ግፊቴ ወርዷል። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ፣ ዓይኔ የእጅ ሰዓቴ ላይ ሆኖ ሁለት ዓመት አለፈ። ከላይኛው እርከን ወደ ሰሜን ቀና ያለ ሰው እንጦጦን ያያል። እኔ ቀና ብዬ አላየሁም።

ደረጃ ላይ የሚሮጥ ሰው አንድ ልዩ ነገር አለው። በአንድ ማለዳ ከአንድ ሰው ጋር ሃያ ጊዜ ፊት ለፊት ይተላለፋል። ሃያ ጊዜ! ከእናቴ ልጅ ጋር እንኳን በዓመት ሃያ ጊዜ አንተያይም። እኔ ግን በየማለዳው ከማያቸው ሰዎች የአንዱንም ስም አላውቅም ነበር።

ከዚያች የነሐሴ ማለዳ በኋላ ልጅቷን መሸሽ ጀመርኩ። እሷ በስታዲየም በኩል ካለች እኔ በቦሌ መንገድ በኩል ያለችውን ግማሽ ብቻ እመላለሳለሁ። አንድ ቀን ያነሷት አባት እጃቸውን ከፍ አድርገው አስቆሙኝ። ማዳመጫዬን ነቀልኩ። ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፣ ሁሉም «ሻምበል» ይላቸዋል።

«ልጄ፣ ሁልጊዜ ብቻሽን ነሽ። ሰው ጠፍቶ ነው?» አሉኝ።

የምመልሰው አጣሁ።

«እሁድ እንጦጦ እንወጣለን። አምስት ነን። ስድስተኛ ሁኚ።»

አባት የሆነ ሰው ሲጠይቅ እምቢ ማለት ይከብዳል። እሺ አልኩ።

ወደ ብርዱ

ደመራ በተለኮሰ በሳምንቱ እሁድ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ አደባባዩ ጭር ብሏል። ከስድስታችን አንዱ የሚኒባስ ሹፌር ነው። እሁድ ጠዋት ሥራ ሳይጀምር እኛን ያመላልሰናል። ሻምበል ጋቢና ተቀምጠዋል። አንድ የባንክ ሠራተኛ ወጣት አለ። ኡራኤል ጋ የጀበና ቡና የሚሸጡ እትዬ አሉ፣ ነጠላቸውን በስፖርት ሹራባቸው ላይ አጥብቀው የታጠቁ። ከኋላ ደግሞ ያ ቀይ ሹራብ።

«እንደምን አደሩ» አለችኝ። በእርስዎ፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ ታላቅን እንደሚያከብር ልጅ።

«ደህና፣ እንዴት አደርሽ» አልኩና አጠገቧ ቦታ እያለ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

አራት ኪሎን፣ ስድስት ኪሎን አልፈን ሽሮ ሜዳ ደረስን። የሐበሻ ልብስ ሱቆቹ ገና አልተከፈቱም። መኪናዋን አቁመን ዳገቱን በእግር ተያያዝነው። «ማሟሟቂያ ነው፣ ማንም እንዳይሮጥ» አሉ ሻምበል።

መጀመሪያ የመጣብኝ ሽታው ነው። ጤዛ ያረጠበው የባሕር ዛፍ ቅጠል። ልጆች ሳለን ጉንፋን ሲይዘን እናቴ በዚሁ ቅጠል ታጥነን ነበር። ሻምበል ዛፉን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ ታሪኩን ነገሩን። ባሕር ተሻግሮ፣ ከአውስትራሊያ ስለመጣ ነው ባሕር ዛፍ የተባለው። በምኒልክ ዘመን ከተማው ማገዶ አልቆበት ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ ነበር። ይኼ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ደርሶ ከተማውን እዚሁ አስቀረው። ከዚያ በፊት ደግሞ ጣይቱና ምኒልክ የእንጦጦን ብርድ ትተው ወደ ፍልውሃ ወርደዋል። አዲስ አበባ ማለት እኮ ከዚህ ተራራ ብርድ ሸሽቶ የወረደ ከተማ ነው። እኛ ደግሞ በየእሁዱ ወደ ብርዱ እንመለሳለን።

መንገድ ላይ እንጨት ተሸካሚ እናቶች ሲወርዱ አገኘናቸው። ጀርባቸው ላይ ያለው ሸክም ከእነሱ ይበልጣል። የቅጠሉ ጫፍ መሬቱን እየጠረገ ይሄዳል። ፈጥነው ነው የሚራመዱት፤ ከባድ ሸክም ይዞ ቀስ ማለት ይብሳል። «በርቱ» አልናቸው። «እናንተም በርቱ» አለች አንዷ፣ ቀና ማለት ስለማትችል ለእግራችን ተናገረች። እኔ ወደዚህ የምወጣው ለጤናዬ ነው፣ እሷ የምትወርደው ለልጆቿ ዳቦ ነው። እሷ ደግሞ እኔን በርቺ ትለኛለች። ይኼን አሁንም ድረስ በቀላሉ አላልፈውም።

ጫካው ውስጥ ስንገባ በአንድ መስመር ተሰለፍን። ልጅቷ መራች። እንጦጦ ላይ እንደ አስፋልት ቀጥ ተብሎ አይሮጥም። በዛፎቹ መሃል ይዞራል፣ ይታጠፋል፣ ያለፉበት ድረስ ይመለሳል። ከኋላ ያለው የፊተኛውን እግር ይከተላል። እሷ የረገጠችውን እረግጣለሁ፣ የዘለለችውን ሥር እዘላለሁ። ማዳመጫ አላደረግኩም። የስድስት ሰው ኮቴ ቀስ በቀስ አንድ ድምፅ ሆነ። ባሕር ዛፉ ሲያልቅ ጽድ መጣ፣ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ተዘረጋ። አንድ ዱኩላ ጆሮዋን አቁማ አየችንና ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች። በዚያች ሰዓት የተሰማኝን ደስታ ከልጅነቴ ወዲህ አላውቀውም።

ጥሩ ሆኜ ሳለ ነው ያበላሸሁት። ሜዳው ላይ ሰዓቴን አየሁ። ቀርፋፋ ነበርን። ጉልበቴ ሙሉ ነው፣ ለምን እጎተታለሁ አልኩ። ከመስመሩ ወጥቼ ሁሉንም ቀደምኳቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ አሥር ደቂቃ አልሞላኝም። ደረቴ ጠበበ፣ ዓይኔ ጨለመ፣ አንድ ጉቶ ላይ ተዘረፈጥኩ። መስቀል አደባባይ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ የእንጦጦ አናት ግን 3,000ን ያልፋል። እዚያ ላይ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባልን ኦክስጅን ባሕር ዳር ላይ ከሚገኘው 70 በመቶ ገደማ ነው። ይኼን ቀድሞ አንብቤ አውቀዋለሁ። ሳምባዬ ግን አላነበበም ነበር።

መስመሩ ደረሰብኝ። ሻምበል ሊቆሙ ሲሉ ልጅቷ «እናንተ ቀጥሉ፣ እንዳትቀዘቅዙ። እኔ እቆያለሁ» አለቻቸው። የባንኩ ልጅ ሚኒባስ ውስጥ ሲያወራ ሰምቻለሁ፤ በአሥረኛው ቀን የክለብ ማጣሪያ አለባት። ያ እሁድ ረጅሙን የምትሮጥበት የመጨረሻ ቀኗ ነበር።

ጉቶው ላይ

«በአፍንጫዎ ይሳቡ። ቀስ ብለው» አለችኝ። ቀዩን ሹራቧን አውልቃ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችው። ሙቀቷ ገና አልለቀቀውም። ከዚያ ፊት ለፊቴ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ጉልበቷ ዓይኔ ሥር ሆነ።

የቱታው ቀዳዳ ተሰፍቷል። ቱታው ጥቁር ነው፣ ክሩ ሰማያዊ። ጥቁር ክር አጥታ ይሆናል። የእጅ ስፌት ነው፣ ትንንሽና እኩል እኩል፣ ጫፉ ላይ ሦስቴ የተቋጠረ። ማታ ቤቷ መብራት ሥር ቁጭ ብላ ስትሰፋው ታየችኝ። እኔ በዚያች ማታ ዙሬን ስልኬ ላይ እያየሁ ነበር።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አልኩ። «ነሐሴ ላይ ስትወድቂ እኔ እዚያ ነበርኩ። አይቼሽ ነው ያለፍኩት። ሁለቴ።»

ወዲያው አልመለሰችም። አንድ ሣር ነቅላ ጣቷ ላይ ጠቀለለች።

«ሦስቴ ነው» አለች።

ቀና ብዬ አየኋት።

«በዚህ ሰማያዊ ጃኬትዎ ነው ያወቅኩዎት። ሦስቴ አለፉኝ።»

ሦስተኛዋን እኔ አልቆጠርኳትም ነበር። ሻምበል አጠገቧ ስለነበሩ። ሰው ስላገኘች። እሷ ግን ቆጥራታለች። ለካ መሬት ላይ የተቀመጠ ሰው ከቆመው ይልቅ በትክክል ይቆጥራል።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኩ። ድምፄ ተሰበረ፣ ከትንፋሽ ማጣቱ ጋር ተደባልቆ።

«አልከፋኝም አልልም» አለች። «ከፍቶኛል። ያን ቀን ለእናቴ ደውዬ አዲስ አበባ ሰው የለም አልኳት።»

ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን። ከታች ጭጋጉ እየተገፈፈ ከተማው ብቅ ማለት ጀመረ። የወጣንበትን አደባባይ በዓይኔ ፈለግኩ፣ ከፎቆቹ መሃል ለይቼ ማውጣት አቃተኝ። ላቤ ጀርባዬ ላይ ሲቀዘቅዝ ተሰማኝ፣ መንቀጥቀጥ ጀመርኩ። እሷ ተነሳች። ቱታዋን አራገፈች። እጇን ዘረጋችልኝ።

«ተነሺ፣ ይበርድሻል።»

ተነሺ። ይነሱ አላለችም።

አንቺ

ይኼን አንድ ቃል ስንት ጊዜ እንዳገላበጥኩት። በእኛ ቋንቋ ከእርስዎ ወደ አንቺ እንዲሁ አይወረድም። «አንቺ በይኝ» ይባላል፣ ይፈቀዳል፣ ይለመዳል። ወይ ደግሞ ሰው ሲቆጣ በአንድ አፍ ይወርዳል። ጠብ ሲነሳ መጀመሪያ የምትሄደው እርስዎ ናት። ታዲያ ያቺ ልጅ ምን ማለቷ ነበር? ተቆጥታ ነው? ቀርባኝ ነው? ወይስ የአፏ መጀመሪያ ኦሮምኛ ስለሆነ አማርኛው ሳታስበው አምልጧት?

በኋላ ጠይቄያታለሁ። አታስታውሰውም። እንደዚያ ማለቷንም ስነግራት ደንግጣ በእጇ አፏን ያዘች።

እኔ ግን ከንዴቱም ከቅርበቱም ያለበት ይመስለኛል። ሁለቱ የሚራራቁ ነገሮች አይደሉም። እናቴ ስትቆጣኝ ነበር አብዝታ ልብስ የምትደራርብልኝ። «ሦስቴ አለፉኝ» ስትለኝ እሷ ከሳሽ እኔ ተከሳሽ ነበርን፣ በመሃላችንም ክብር የሚባል አጥር ቆሞ ነበር። እኔ ለሁለት ዓመት ደረጃው ላይ የኖርኩት በዚያ አጥር ተከልዬ ነው። ማንም አይነካኝም፣ ማንንም አልነካም። ሰውን ማክበር ይመስለኝ ነበር፤ አለመፈለግ ነው። ተነሺ ስትለኝ አጥሩ ወደቀ። ዕዳዬ ተሰረዘ አልልም። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ዕዳ በአንድ ቃል እንደማይሰረዝ አውቃለሁ። ግን ዕዳ ያለባቸው ሰዎች ቢያንስ ይተዋወቃሉ።

ቁልቁል ስንወርድ እጄን አልለቀቀችም፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል ብላ። ከየት እንደመጣች ያኔ ነው የጠየቅኳት። በቆጂ አለችኝ። የደራርቱ፣ የቀነኒሳ፣ የጥሩነሽ አገር። በ1984 ዓ.ም. ደራርቱ ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ የ9 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሰፈሩ ሁሉ ስለ ወርቁ አወራ። ጥቁር አፍሪካዊት ሴት በኦሊምፒክ ወርቅ ስታገኝ የመጀመሪያዋ ነበረች። በእኔ ጭንቅላት የቀረው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ደራርቱ ሁለተኛ ከወጣችው ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ስታዲየሙን ዞሩ። ይኼን ስነግራት ልጅቷ «በቆጂ ላይ ይኼን የማያውቅ ሕፃን የለም» አለች። እሷ ያኔ አልተወለደችም።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ

አሁን በሳምንት አራት ቀን ደረጃው ላይ አብረን ነን። ከሩጫ በኋላ እትዬ ጋ ቁጭ ብለን ቡና እንጠጣለን፣ እስከ በረካ። የባንኩ ልጅ ቁና ቁና እየተነፈሰ ስለ ፍቅረኛው ያወራል። ሻምበል ስለ አበበ ቢቂላ ካነሱ አያበቁም። ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ መሆኑን ከእሳቸው ነው የሰማሁት። «አገሩ በዓሉን ሁለት አድርጎ ዋለ» ይላሉ፣ ዓይናቸው እየራሰ።

ማዳመጫዬን ከተውኩ ወዲህ የማለዳው ከተማ ድምፅ ሞላበት። ምንቃራቸው ረጅምና ቆልመም ያለ ጠቆር ያሉ ወፎች ልክ ሊነጋ ሲል በአደባባዩ ላይ እየጮሁ ያልፋሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያው ነበሩ ማለት ነው። የሚኒባሱ ሹፌር ሰዓቱን ያወቀው በእነሱ ነው፤ «ወፎቹ ካለፉ ተራ መያዝ አለብኝ» ይላል።

ልጅቷ ማጣሪያውን አላለፈችም። አምስት ሰው ነበር የሚፈለገው፣ ሰባተኛ ወጣች። ያን ለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያቺ እሁድ ባትበላሽባትስ ኖሮ? በእኔ ምክንያት የቀረባትን ኪሎ ሜትር ደመርኩ፣ ቀነስኩ። በማግስቱ ጠየቅኳት። «በአንድ እሁድ ማንም አይወድቅም» አለች። «ጫማዬ ነው፣ ሶሉ አልቋል።» እውነቷን ይሁን እኔን ለማሳረፍ አላውቅም።

ጫማው ግን እውነትም አልቆ ነበር። እትዬ የስኒውን ረከቦት ገፋ አድርገው ነጠላቸውን መሃላችን ላይ ዘረጉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እያሉ ከእያንዳንዳችን ሰበሰቡ። ልጅቷ ሳጥኑን ስትከፍት መጀመሪያ አሸተተችው። ከዚያ ማሰሪያውን አውጥታ እንደገና በራሷ አኳኋን እየሰካች ብዙ ደቂቃ ቆየች። ማናችንም አላዋራናትም።

ታላቁ ሩጫን በ1 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ጨረስኩ። ስድስታችንም አብረን ነው የገባነው።

ቀጣዩ ማጣሪያ ከጥምቀት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ለገና እናቷ ጋ ትሄዳለች፣ እኔንም ይዛ። እዚያ ከጫካ እስከ ጫካ አብረን እንሮጣለን ብላኛለች። ከአሰላ አልፎ ነው መንገዱ። ትናንት ቡና ላይ እናቷ ምን እንደሚወዱ ጠየቅኳት። ቡናና ስኳር አለችኝ። ለእናቷ ስለ እኔ ምን እንደነገረቻቸው ግን መጠየቅ ፈራሁ። ሳልጠይቃት ነገረችኝ።

«ያቺ ሦስቴ ያለፈችኝ ሴት ትመጣለች ብያታለሁ።»

«ምን አሉ?»

«በቆጂ ከአዲስ አበባ ይብሳል፣ ጋቢ ይዛ ትምጣ አለች።»